ስሙን ቢነግራት ኖሮ ፊልሙ ስንት ደቂቃ ይፈጅ ነበር?

ናሆም_የካ | ቅዳሜ ምሽት 3:40

ሰላም ለቤቱ። ከትናንት ወዲያ «ዘ ግሪን ማይል»ን ለሦስተኛ ጊዜ ሳይ አንድ ነገር ከነከነኝ። ሞት የተፈረደበት እስረኛው ኮፊ ሞቱ ሲቃረብ ፊልም አይቶ እንደማያውቅ ተናግሮ የሚያሳዩት ጥቁርና ነጭ ፊልም አለ አይደል? ሰውዬው ጅራታም ኮት ለብሶ፣ ሴትዮዋ ላባ በላባ ሆና፣ ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው ሲሽከረከሩ። ኮፊ ደግሞ ዓይኑ እንባ አቅርሮ መላእክት ናቸው ሲል። ያቺን ቁራጭ አምስት ጊዜ መላልሼ ካየሁ በኋላ ዋናውን ፊልም ፈልጌ አገኘሁት። «ቶፕ ሃት» ይባላል፣ በፈረንጆቹ የ1935 ነው። ፍሬድ አስቴር ጄሪን፣ ጂንጀር ሮጀርስ ዴልን ሆነው የሚጫወቱበት።

ጭፈራው ላይ አፌን አልከፍትም። ታሪኩን ግን እባካችሁ አንድ ሰው ያስረዳኝ።

ላላየው፦ ጄሪ የሚባል አሜሪካዊ ዳንሰኛ ለሥራ ለንደን ይመጣል። ያስመጣው ሆራስ የሚባል የቲያትር ባለ ገንዘብ ነው። ጄሪ ሌሊት ሆራስ ክፍል ውስጥ ወለሉን በጫማው ሲደበድብ ከታች የተኛችው ዴል ትነሣና ልትቆጣው ትወጣለች። ያያታል፣ ያልቅለታል። በማግስቱ ዝናብ መናፈሻ ውስጥ አንድ ላይ ያስጠልላቸዋል፣ ይጨፍራሉ፣ እሷም ትወደዋለች። ከዚያ ይሄ ሰውዬ የጓደኛዬ የማጅ ባል ነው ብላ ታስባለች፤ የማጅ ባል ግን ሆራስ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ፣ ከለንደን እስከ ቬኒስ፣ ሁለት ጥፊ፣ አንድ ጋብቻ፣ አንድ ሐሰተኛ ቄስ፣ የመጣው «ጄሪ እባላለሁ» የሚሉት ሁለት ቃላት ስላልተነገሩ ነው። ሰውዬው ስሙን የደበቀ እንኳ አይደለም! እስቲ ፍረዱ፣ ይሄ ድርሰት ነው?


ከዛሬ_ነገ | ቅዳሜ ምሽት 3:52

ዴል አበሻ ብትሆን ፊልሙ አሥር ደቂቃም አይሞላ። «የማን ልጅ ነህ?» «አገርህ ወዴት ነው?» «እዚያ ሰፈር እነ እገሌን ታውቃለህ?» በሦስተኛው ጥያቄ ዘመድ ሆነው ይገኙና ፍቅሩም ይቀራል፣ ጭፈራውም ይቀራል።


ሶስና | ቅዳሜ ምሽት 3:58

ከዛሬ_ነገ 😂😂 እናቴን ነው የጻፍካት።


ጥቁርና_ነጭ | ቅዳሜ ምሽት 4:31

ናሆም ወንድሜ፣ ቅሬታህ 90 ዓመት ያለፈው ነው። ፊልሙ ሲወጣም ታሪኩ ቀጭን ነው፣ ከቀደመው ዓመት ፊልማቸው «ዘ ጌይ ዲቮርሲ» ጋር መንታ ነው ያሉ ተቺዎች ነበሩ። ቢሆንም ያንን የሆቴሉን አዳራሽ ትዕይንት ተመልሰህ እየው፤ ቸኩለህ አልፈኸው ይመስለኛል።

ዴል ሆራስን በመልክ አታውቀውም። የምታውቀው ሚስቱን ነው። የሆቴሉን ሠራተኛ ሆራስ ሃርድዊክ የትኛው ነው ትለዋለች። ሠራተኛው ወደ ላይኛው ሰገነት እያመለከተ፣ ያ ቦርሳና ከዘራ የያዘው ነው ይላታል። ልክ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ቦርሳና ከዘራ የያዘው ሆራስ ነው። ሆራስ ግን ስልክ ይጠራና ዕቃውን ለጄሪ አስይዞት ይሄዳል። ዴል ቀና ስትል ቦርሳና ከዘራ ይዞ የሚወርደው ጄሪ ሆነና አረፈው።

ልብ በል፣ ማንም አልዋሸም። ሠራተኛው እውነቱን ተናገረ፣ ሆራስ ዕቃውን አስያዘ፣ ጄሪ ተቀበለ፣ ዴልም በዓይኗ ያየችውን አመነች። አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ስምህ ማነው ተብሎ የሚጠየቀው የማይታወቅ ሰው ነው። እሷ'ኮ በእሷ ቤት አውቃዋለች! ባለትዳር ሆኖ ሲያባብላት የከረመ ወስላታ መሆኑን «ያረጋገጠች» ሴት ስም አትጠይቅም፤ ቀጥ ብላ ሄዳ በጥፊ ታጮለዋለች። ያደረገችውም ያንኑ ነው። ጄሪም ጥፊውን የቀመሰው ለምን እንደሆነ ስላላወቀ ማስተባበል አይችልም። ያልሰማኸውን ክስ እንዴት ትከላከላለህ?

ሌላም ምክንያት አለ። ከ1934 አጋማሽ ጀምሮ ሆሊዉድ ውስጥ የሥነ ምግባር ደንቡ ጥርስ አውጥቶ ነበር። ያለ ማኅተሙ ፊልም ማውጣት አይቻልም፣ ትዳር ላይ የሚማግጥ ሰው ደግሞ እንዲያምር ተደርጎ አይታይም። እና ደራሲዎቹ ድዋይት ቴይለርና አለን ስኮት ምን አደረጉ? አንዲት ሴት የጓደኛዋን ባል ወድዳ ስትሰቃይ አንድ ሰዓት ገደማ አሳዩን። ፍቅሩም ጥፋቱም ያለው በእሷ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። ሳንሱሩ መቀሱን ይዞ ቢመጣ የሚቆርጠው ነገር የለም፤ አንድም ሰው ኃጢአት አልሠራማ።


ናሆም_የካ | ቅዳሜ ምሽት 4:45

እሺ ቦርሳውን ተቀብያለሁ። ቬኒስስ? ማጅ እዚያው ናት፣ ሁለቱንም ታውቃቸዋለች። ሆራስም እዚያው ነው። አንዲት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንድ ሰው ስም አይጠራም?


ጥቁርና_ነጭ | ቅዳሜ ምሽት 5:02

እዚያ ላይ ትንሽ ገፋ አድርገውታል፣ አልክድም። ግን አጨዋወቱን እየው። ማጅ ጄሪን ከዴል ጋር ልታጋባው ነው የምታስበው፣ ወደ ቬኒስም የተጠራው ለዚሁ ነው። ስለዚህ ሲጨፍሩ ከሩቅ በእጇ ተጠጉ፣ በደንብ ተጠጉ እያለች ታበረታታለች። ዴል ይህን ስታይ ምን ትበል? ሚስት ባሏን ለሌላ ሴት ስትገፋ! ሴትዮዋ የባሏን ነገር የማትቆጥር ናት ብላ ትደመድማለች፤ ማጅም ባልሽ ለክፎኛል ስትባል ከመሳቅ በቀር ምንም ስላላለች ድምዳሜው ይጸናል። ማጅ የምትስቀው ደግሞ ሆራስን ስለምታውቀው ነው። ኤድዋርድ ኤቨረት ሆርተን የሚባለውን ተዋናይ ፊት ላየ ሰው ያ ሳቅ ይገባዋል፤ ሰውዬው ሴት ሊለክፍ ቀርቶ ሻይ ሲያዝ እንኳ የሚደነግጥ ነው።

እኔን የሚደንቀኝ ስህተቱ በየትዕይንቱ አዲስ ማስረጃ እያገኘ መወፈሩ ነው። ሐሜት እንዲሁ አይደል የሚያድገው?


ሰብለ_ስፌት | እሑድ ጠዋት 2:15

ወንዶቹ ስለ ቦርሳ ስትከራከሩ አደራችሁ፣ ስለ ቀሚሱ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። የሙሽራ ልብስ ስሰፋ 17 ዓመቴ ነው፣ ስለዚህ ፈቃዳችሁ ይሁንና እኔ ልናገር።

ያ ቀሚስ የሰጎን ላባ ነው። የነደፈው በርናርድ ኒውማን ነው፣ ሐሳቡ ግን የራሷ የጂንጀር ነበር። እኛ ነጭ አድርገን የምናየው ቀሚስ ቀለሙ ሰማያዊ ነው! የቀረጻው ቀን ልምምድ ሲጀምሩ ላባው ቤቱን ሞላው። አስቴር አፍንጫ ውስጥ ገባ፣ ዓይኑ ውስጥ ገባ፣ ጥቁር ኮቱ ላይ ተለጠፈ። ሰውዬው ጮኸ፣ ጂንጀር ቀሚሴን አልለውጥም አለች፣ እናቷ ሊላ ሮጀርስ ደርሳ ከልጇ ጎን ቆመች። በመጨረሻ አሸናፊዋ ቀሚሷ ሆነች።

ላባ የሠራ ሰው ይህ አይገርመውም። የሰጎን ላባ እንደ ዶሮ ላባ ጠንካራ አይደለም። ግንዱ ለስላሳ ነው፣ ጠርዙ ፀጉር ነው። አንዱን ከአንዱ እያሰርክ፣ እያንዳንዱን በእጅ እየጠለፍክ ካልሰፋኸው በስተቀር ለባሿ ዞር ስትል ይበተናል። ሰፍተኸውም አዲስ ከሆነ መጀመሪያ የሚረግፍ አለው። እኔ አንዴ ለሙሽራ ሚዜ ትከሻ ላይ ብቻ አድርጌ ገና ከመኪና ሳትወርድ ወንበሩ ተሸፍኖ ነበር። ይቺ ደግሞ መላ ሰውነቷን ለብሳ፣ ወገቧን ወደ ኋላ እየተለመጠች፣ ከፍሬድ አስቴር ጋር!

አስቴርም በኋላ ይቅርታውን በጨዋታ ነው የጠየቀው። ጉንጭ ለጉንጭ የጨፈሩበትን የዚያኑ የ«ቺክ ቱ ቺክ»ን ዜማ ይዞ ላባን የሚራገም ግጥም ዘፈነላት፣ የወርቅ ላባም ሰጣት። ከዚያ ወዲያ «ላባ» የሚለው የቁልምጫ ስሟ ሆኖ ቀረ።

ቀሚሷ ግን ልክ ነበረች። ያ ላባ ባይኖር እንቅስቃሴው ሲያበቃ አብሮ ያበቃ ነበር። ላባው እሷ ከቆመች በኋላም ትንሽ ይቆያል፣ ይተነፍሳል። ኮፊ መልአክ ያደረጋት ማን ይመስላችኋል? ሰፊዎቹ ናቸው።


ከዛሬ_ነገ | እሑድ ጠዋት 2:40

እትዬ ሰብለ፣ የዚህ ክር ምርጥ መልስ ይሄ ነው። ጂንጀር ራሷ አስቴር የሠራውን ሁሉ እኔ ወደ ኋላ እየሄድኩ፣ ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጌ ሠርቻለሁ ብላ የለ!


ጥቁርና_ነጭ | እሑድ ጠዋት 3:05

የሷ አይደለም። ቦብ ቴቭስ የሚባል የጋዜጣ ካርቱን ሠሪ በ1982 ያወጣው ቀልድ ነው። ይዘቱ እውነት ስለሆነ ሁሉም ሰው ለሷ ሰጣት።


ዜማ_በእግር | እሑድ ቀን 7:20

ዳንስ አስተምራለሁ። ናሆም «ጭፈራው ላይ አፌን አልከፍትም፣ ታሪኩ ነው እንጂ» ብለሃል። ችግርህ ያለው ሁለቱን በመለያየትህ ላይ ነው። በዚህ ፊልም ውስጥ ማን ምን እንደሚያውቅ የሚነግሩህ እግሮቹ ናቸው።

መናፈሻው ውስጥ ዝናብ ሲይዛቸው ያለውን እናንሣ። ዴል የፈረስ ግልቢያ ልብስ ለብሳለች፣ ሱሪ ማለት ነው። ጄሪ ይዘፍናል፣ እሷ ጀርባዋን ሰጥታዋለች። ይነሣና ይራመዳል፣ እሷም ተነሥታ አካሄዱን እየቀዳች ከኋላው ትከተለዋለች፣ መሳለቅ ነው። እሱ አንድ ምት ይጥላል፣ ትመልስለታለች። ሌላ ይጥላል፣ ያንንም ትመልሳለች። የኛ ሰው እስክስታ ላይ ፊት ለፊት ቆሞ ትከሻ እንደሚመላለሰው። ብዙውን ጊዜ አይነካኩም። ሲያልቅ ምን ያደርጋሉ? ወለሉ ላይ ቁጭ ይሉና ይጨባበጣሉ። እኩያ ለእኩያ። ይህ ምንም የማታውቅ፣ ምንም የማትፈራ ሴት ጭፈራ ነው።

አሁን ቬኒስ። «ቺክ ቱ ቺክ»። እዚህ አትቀዳውም፣ አትሳለቅበትም። ወገቧን ይዞ ወደ ኋላ ሲያስተኛት ትተኛለች፣ ሲያነሣት ትነሣለች። የምትታገለው ከራሷ ጋር ነው። እሱ የሰው ባል ነው ብላ ስለምታምን እያንዳንዱ እሺታዋ ዋጋ አለው። መጨረሻ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ የምታየው አስተያየት አለ፤ ሙዚቃው ቆሞ እሷ ገና አልመጣችም። ስትመጣ ወዲያው ይከፋታል። ተማሪዎቼን ያቺን ሰከንድ ነው የማሳያቸው። እግር ያላት ዳንሰኛ ብዙ ናት፣ እንዲህ ቆማ የምትጨፍር ግን ጥቂት ናት።

ስሙን ነግሯት ቢሆን ያ ጭፈራ የሁለት ደስተኛ ሰዎች ጭፈራ ይሆን ነበር። ማረጋገጫ ከፈለግክ መጨረሻ ላይ ያለውን «ፒኮሊኖ» የሚባለውን ጭፈራ እይ። ስህተቱ ተፈትቷል፣ ያ ሁሉ ጨፋሪ ሞልቷል፣ ቬኒስ ታበራለች፤ እኔ ግን ሻይ ላፈላ እነሣለሁ።


ናሆም_የካ | እሑድ ቀን 7:41

ሻዩ ገደለኝ። እውነቷን ነው መሰለኝ ግን።


ድምፅ_ሠራተኛ | እሑድ ቀን 8:10

ዜማ፣ አንድ የሙያ ነገር ልጨምር። አስቴር ካሜራው መላ ሰውነቱን፣ ከራስ እስከ እግር ጥፍር፣ እንዲያሳይና ጭፈራው ብዙ እንዳይቆራረጥ አጥብቆ ይጠይቅ ነበር። ድምፁ ግን ከቀረጻው ጋር የተያዘ አይደለም። የእግር ምቱ በኋላ፣ ሥዕሉን እያዩ ስቱዲዮ ውስጥ ተደግሞ የተቀዳ ነው። የራሱን እሱ ይመታል፣ የጂንጀርን ግን ብዙ ጊዜ የሚመታው ኸርመስ ፓን ነበር፣ የጭፈራ አቀናባሪው። ልምምድ ላይም አስቴር መጀመሪያ ከፓን ጋር ነው የሚሠራው፣ ፓን የጂንጀርን ቦታ ይዞ። ከዚያ ፓን እሷን ያለማምዳታል።

ስለ ሰው መሳሳት ነው አይደል የምናወራው? እግሯን ስታዩ የምትሰሙት የሌላ ሰው እግር ነው 😄

ለእኔ የፊልሙ ምርጥ ድምፅ ያ ሁሉ ቀጭ ቀጭ አይደለም። ሌሊት ዴል ልትቆጣ ወጥታ ስትመለስ፣ ጄሪ የሲጋራ መተርኮሻውን አሸዋ አንሥቶ ወለሉ ላይ ይበትንና እንቅልፍ እንዲወስዳት በቀስታ ይጨፍርበታል። ሽ... ሽ... ሽ። እሷ ከታች ተኛች፣ ሆራስም ተኛ፣ ራሱም ወንበሩ ላይ አንቀላፋ። ፍቅሩን የተናገረው እዚያ ነው፤ ሴትዮዋ ግን ተኝታ ነበር።


ማይጨው_28 | እሑድ ምሽት 1:30

ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ቤዲኒ! ዴልን በንዴት የሚያገባት ያ ጣልያናዊ ልብስ ነዳፊ። ስለ ራሱ «ቤዲኒ እንዲህ ነው፣ ቤዲኒ እንዲያ ነው» እያለ የሚፎክር፣ መፈክሩ «ለሴት መሳም፣ ለወንድ ሰይፍ» የሆነ ጉረኛ። በ1935! ፋሽስት እኛ ላይ ሲዘምት ሆሊዉድ ጣልያንን እንዲህ አድርጎ ማላገጡ በአጋጣሚ ነው ትላላችሁ? እኔ በፍጹም አላምንም። ሞሶሎኒም ገብቶት ነው ፊልሙን ያሳገደው።


ጥቁርና_ነጭ | እሑድ ምሽት 2:12

ማይጨው፣ ልብህን እረዳለሁ፣ ግን ቀኖቹን እንያቸው። ፊልሙ የተቀረጸው በ1935 የመጀመሪያ አጋማሽ ነው። ኒው ዮርክ፣ ራዲዮ ሲቲ ሚዩዚክ ሆል የተከፈተው ኦገስት 29 ነው፣ በእኛ ነሐሴ 23 ቀን 1927። ጣልያን መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928። በመካከሉ ልክ አምስት ሳምንት አለ። ፊልሙ ለጦርነቱ መልስ ሊሆን አይችልም።

ደግሞም ቤዲኒን የሚጫወተው ኤሪክ ሮድስ የኦክላሆማ ተወላጅ አሜሪካዊ ነው፣ እናም ይህንኑ ጣልያንኛ የሚያስመስል ቀልዱን በ1934ቱ «ዘ ጌይ ዲቮርሲ» ላይ ቶኔቲ ተብሎ ሠርቶታል። ሕዝብ ስለሳቀ ደገሙት፣ ሌላ ፖለቲካ የለበትም። መፈክሩም በረቂቁ ላይ የባሰ ነበር፤ ለሴቷ ጅራፍ የሚል ነበረበት፣ ሳንሱሩ ነው ወደ መሳም የለወጠው።

ጣልያን ውስጥ መታገዱ ግን እውነት ነው። በቤዲኒ አሳሳል ተቆጥተው።


ጋሽ_ወርቁ | እሑድ ምሽት 2:50

ልጆች፣ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። አባቴ ማይጨው የዘመተ ሰው ነበር። ይህን ፊልም ያየሁት እሱ ካረፈ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፣ ቤዲኒ ያን ሰይፉን እየነቀነቀ ሲፎክር ብቻዬን ስስቅ ሚስቴ ምን ነካህ ብላኛለች። ሆሊዉድ ለእኛ ብሎ እንዳልሠራው አውቃለሁ፣ የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። ግን በዚያ ክረምት የጣልያን መንግሥት መርዝ ጋዝ ጭኖ ሲዘጋጅ፣ ያሳፈረውና ያስቆጣው ነገር አንድ የሚንተባተብ ልብስ ሰፊ ፊልም ላይ መታየቱ ነበር። ይህንን ሳስብ ሳቄ ይቆምና ሌላ ይሆንብኛል።

ቀጥሉ፣ ጨዋታችሁን አላቋርጥም።


ማይጨው_28 | እሑድ ምሽት 2:58

ጋሽ ወርቁ፣ ያኑርልን። ጥቁርና_ነጭ፣ ቀኑን ተቀብያለሁ።


ሶስና | እሑድ ምሽት 3:20

ወደ ገንዘቡ እንምጣ፣ በዚያ ረሃብ ዘመን ይህን ሁሉ ነጭ ቤተ መንግሥት የሠሩት በማን ብር ነው? ያ ቬኒስ'ኮ ቬኒስ አይመስልም። ኬክ ነው የሚመስለው።


ጥቁርና_ነጭ | እሑድ ምሽት 3:44

ኬክ ማለትሽ ትክክል ነው 😄 ስቱዲዮ ውስጥ፣ ሁለት አዳራሽ አገናኝተው የሠሩት ነው። ነጩ እንዲያበራ ብለው የቦዩን ውኃ ጥቁር ቀለም ነከሩት። ወጪው 600 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር፣ ያስገባው ከ3 ሚሊዮን በላይ። ፊልሙን የሠራው አር ኬ ኦ የተባለው ኩባንያ በዚያ አሥር ዓመት እንዲህ ያተረፈበት ፊልም የለውም። ዜማውን የሠራው ኧርቪንግ በርሊንም ከትርፉ ድርሻ ተዋውሎ ነበር። በርሊን ኖታ በወጉ የማያነብ፣ ፒያኖ ሲጫወት ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ የሚወድ ሰው ነው፤ ሌላ ቁልፍ ሲያስፈልገው ዜማውን የሚያዛውር ልዩ ፒያኖ ነበረው። «ቺክ ቱ ቺክ» ርዝመቱ 72 ባር (የሙዚቃ መለኪያ ክፍል) ነው፣ የዘመኑ ዘፈን የተለመደ ልክ ግን 32 ነበር። ሳታውቂው የሚረዝመው ለዚህ ነው።

ለኦስካር በአራት ዘርፍ ታጨ፣ አንዱንም አላገኘም።

ጨዋታን ጨዋታ ያነሣዋልና፣ ጄሪ ለዴል አበባ የሚገዛበትን ሱቅ አስተውላችኋል? ከሻጮቹ አንዷ ሉሲል ቦል ናት፣ ያኔ ማንም የማያውቃት። በ1957 እሷና ባሏ ያቋቋሙት ኩባንያ ያንን የአር ኬ ኦ ስቱዲዮ ገዛው።


ሶስና | እሑድ ምሽት 3:49

አበባ ሻጯ ሱቁን ገዛችው በለኛ!


ሰብለ_ስፌት | ሰኞ ጠዋት 1:55

እኔን ያልተመቸኝ ቄሱ ነው። የሆራስ አሽከር ቤትስ ኮሌታውን ገልብጦ ቄስ መስሎ ዴልንና ቤዲኒን ያጋባል፣ በኋላ ቄስ ስላልነበር ጋብቻው ፈረሰ ተብሎ ሁሉም ይስቃል። አሽከሩ ያስቀኛል፣ ሲናገር «እኛ» የሚል፣ ኩሩ። ግን በቄስ ልብስ?


ከዛሬ_ነገ | ሰኞ ጠዋት 2:08

እትዬ ሰብለ፣ አስቡት እስቲ፣ ሌላ እንዴት ይፍቷት? ፍቺ አይፈቀድ፣ ቤዲኒን አይገድሉት። ጥቁርና_ነጭ ያለው ሳንሱር ነው ቄሱን ያመጣው።


ጥቁርና_ነጭ | ሰኞ ጠዋት 2:30

ለዚህ ነው ደራሲዎቹን የምወዳቸው። ፊልሙ የተቋጠረው ዴል አንዱን ሰው በሌላው በመሳሳቷ ነው፣ የተፈታውም በዚያው ነው፤ አንዱን አሽከር ቄስ ነው ብላ ተሳሳተች። በፊተኛው ስህተት ባል አጣች፣ በኋለኛው ዳነች። እትዬ ሰብለ ቅር ማለትዎን ግን እረዳለሁ፣ የእኔም አያት ቢያዩት ያማትቡ ነበር።


ናሆም_የካ | ማክሰኞ ምሽት 4:05

ሪፖርት። ዛሬ ከእናቴ ጋር ደግሜ አየሁት። እንግሊዝኛ አትሰማም፣ እኔ በጎን እየተረጎምኩ ነው።

ቦርሳው ሲቀባበል እኔ ሳልነግራት «እህ! ተሳሳተች!» አለች። እንግዲህ ቋንቋ የማትሰማዋ እናቴ በአንድ እይታ የያዘችውን እኔ ከነንግግሩ አምልጦኝ ነበር፤ ስልኬን እየነካካሁ ነበር መሰለኝ። በመጀመሪያው ጥፊ «ደግ አደረገች» አለች። ባልየው ሌላ መሆኑን እያወቀች ማለት ነው! እማዬ፣ ልጁ'ኮ ምንም አላጠፋም ስላት «እሷ ምን ታውቃለች» ብላ ዘጋችኝ።

በ«ቺክ ቱ ቺክ» ዝም አለች። ዜማ ያልሽውን የግድግዳውን ቦታ ጠብቄ ፊቷን አየሁ፣ ቡናዋን እንደያዘች ቀርታለች። መጠጣቱንም ትታው።

ቄሱ ላይ አማተበች፣ እንደተነበያችሁት።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ሰብለ ስለ ላባው የጻፍሽውን አልነገርኳትም ነበር። መሀል ላይ ድንገት ወደ ወለሉ አመልክታ «ይቺ ልጅ እንደ ተነጨች ዶሮ ትረግፋለች'ኮ» አለችኝ። ወደ ኋላ መልሼ አቆምኩት፤ እውነትም ላባ ሲበር ይታያል። ሳያወጡት ነው የቀረው?


ሰብለ_ስፌት | ማክሰኞ ምሽት 4:20

ይታያል እንጂ! ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጠው ቢሰፉትም ሁሉን አልያዙትም። እናትህ የሰፊ ዓይን አላቸው፣ ሰላም በልልኝ።


ጥቁርና_ነጭ | ማክሰኞ ምሽት 4:26

ናሆም፣ አስቴር በ1959 ያሳተመው የሕይወት ታሪክ አለው። ያቺን ቀን ሲያስታውስ ምን ብሎ የጻፈ ይመስልሃል? ቀበሮ የያዛት ዶሮ ትመስል ነበር ብሎ ነው።


ናሆም_የካ | ማክሰኞ ምሽት 4:31

አሁን ነገርኳት። «ታዲያ እሱ አውቆት ነው የጨፈረው?» አለች።